በቀይ እስክሪብቶ የተመለሰልኝ ምስጋና

ለአሥራ ስምንት ዓመት የተማሪ ድርሰት ሳርም ኖሬያለሁ። የራሴ ጽሑፍ በቀይ ተሰራርዞ የተመለሰልኝ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። ያረሙልኝ ደግሞ የቋንቋ ሰው አይደሉም፤ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ወረቀቱ እስከ ዛሬ በሰዋስው መጽሐፌ ውስጥ ተጣጥፎ አለ። ለትምህርት ስዘጋጅ አንዳንዴ ከገጾቹ መካከል ሹልክ ብሎ ይወድቃል፤ አንስቼ አነበዋለሁ፣ ከዚያ የጀመርኩትን ሥራ መቀጠል ያቅተኛል።

ነገሩ የሆነው የሴቶች ቀን ሲቃረብ ነው። እኔ የምሳተፍበት አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ስብስብ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ያከሙ፣ ያስጠለሉ፣ ቃላቸውን የተቀበሉ ሰዎችን በመድረክ ለማመስገን ወሰነ። ካባ ተገዛ፣ አዳራሽ ተያዘ፣ የምስክር ወረቀት እንዲታተም ታዘዘ። «የአማርኛ መምህርት አይደለሽ? ቃሉን አንቺ አሳምሪው» ተባልኩ። ከስም ዝርዝሩ አናት ላይ የነበሩት፣ አገሬው ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚጠራቸው እኒህ ሴት ናቸው።

ጤና ጣቢያቸው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ደጋው ላይ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል። እርሳቸውን ሊያሳብቁ የሚችሉ ጥቂት ዝርዝሮችንም ቀይሬያለሁ። ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት አንብቤላቸው ፈቅደውልኛል።

ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ባና

ረቂቁን ይዤ የሄድኩት ከሰዓት በኋላ፣ ተራ ጠባቂው ሲቀንስ ነበር። ክፍሉ የበረኪና ሽታ ነበረው። ከበሩ ጀርባ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም የመንዝ ባና ተሰቅሏል፤ ከአልጋው አንሶላ ጋር የማይሄድ፣ የቤት ዕቃ የሚመስል። ዓይኔ ሲያርፍበት አዩኝና ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

በጦርነቱ ጊዜ ሴቶቹ የሚመጡት ከቆላ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ሲደርሱ ሰው ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል፤ በአንድ ዳገት ከ1,300 ሜትር ገደማ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ስስ ቀሚስና ነጠላ ለብሶ ከቤቱ የሮጠ ሰው ደጋው ላይ ሲደርስ ጥርሱ ይፋጫል።

«መጀመሪያ ባናውን አለብሳታለሁ» አሉኝ። «ሻይ አፈላለሁ። ከዚያ እጠብቃለሁ።»

«ምኑን ነው የሚጠብቁት ሲስተር?»

«መንቀጥቀጡን። ብርዱ ከሆነ ይቆማል። ካልቆመ ሌላ ነገር ነው። ያኔ በሩን እዘጋለሁ።»

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ጉዳይ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን መወሰድ አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ ከአምስት ቀን በላይ አይጠብቅም፤ በቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። በሰላም ጊዜ 72 ሰዓት ረጅም ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ሁለት ቀን ተደብቃ፣ አንድ ቀን ተኩል በእግሯ ዳገት ለወጣች ሴት ግን ያለፈ ነገር ነው። ሲስተር ግንባሩ ሲቃረብ የመድኃኒቱን ሣጥን ቤታቸው ወስደው የዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበሩት። ጤና ተቋማት እየተዘረፉ መሆኑን ሰምተው ነበር። ሌሊት በር ለሚያንኳኳ ሁሉ ከዚያ እያወጡ ሰጡ።

ዘግይታ ለመጣችውስ? ስለዚህ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 551 ከአስገድዶ መድፈር የመጣ ጽንስ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። ማስረጃ አምጪ አይላትም፤ ደፋሪውን አቅርቢ አይላትም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። «ሕጉ አምኗታል» አሉ ሲስተር፤ «ያላመንናት እኛ ነን።» አንዳንዷ ሕጉ የፈቀደላትን መረጠች፣ አንዳንዷ ወለደች። ሲስተር ለሁለቱም እኩል ባናውን አለበሱ።

ዘጠኝ ወር የሚቆጥር

ከዚያ ረቂቄን አወጣሁ። ኮርቼበት ነበር። እንዲህ ይል ነበር፦ «በ… ወር … ዓ.ም. በጠላት ጦር የተደፈሩና ክብራቸውን ያጡ ከ… በላይ ሴቶችን በ… ጤና ጣቢያ በማከም ታላቅ ጀግንነት ለፈጸሙት ለሲስተር…» ነጥቦቹ ባሉበት ቦታ ሁሉ ያኔ ወር፣ ቁጥር፣ የከተማ ስም ተጽፎ ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። «መምህር ቀይ እስክሪብቶ አያጣም» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

መጀመሪያ የሰረዙት ወሩንና ዓመቱን ነው። የቀን ስህተት ያገኙ መስሎኝ «የተሳሳትኩት አለ?» አልኳቸው።

«የለም፤ ልክ ነው» አሉኝ። «ልክ ስለሆነ ነው የምሰርዘው። ቀኑን ከጻፍሽው ዘጠኝ ወር የሚቆጥር አይጠፋም።»

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ ጉሮሮዬ ደረቀ። በዚያ ወር የተጸነሰ ልጅ አሁን ይሮጣል፤ «ሀ ሁ» ይላል። እናቱ ለጎረቤት የነገረችው ሌላ ታሪክ ሊኖር ይችላል፤ ወይም ምንም አልነገረች ይሆናል። እኔ ወርቃማ ጠርዝ ባለው ወረቀት ላይ ያን ወር ጽፌ በአዳራሽ በድምፅ ማጉያ ላስነብበው ነበር።

ቀጥለው ቁጥሩን ሰረዙ። «አገሩ ትንሽ ነው። ይህን ያህል ሴቶች ካልሽ፣ ሰው ማን ማን ናቸው ብሎ ይጀምራል።» የጤና ጣቢያውን ስም ሰረዙ። ከዚያ የራሳቸውን ስም። «እኔ መድረክ ላይ ስቆም፣ በዚህ በር ማን ሲገባ እንዳየ ሁሉ ያስታውሳል። ያቺ ልጅ ያኔ ለምን መጥታ ነበር ይላል። ለእኔ ካባ ስትደርቡ እነርሱን ትገልጧቸዋላችሁ።»

ለመሟገት ሞከርኩ። መምህር ነኝና ተረት ጠቀስኩ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?» አልኩ። ዝምታው ነው ሴቶቻችንን የጨረሳቸው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም በከፊል አምናለሁ።

ሲስተር ቀና ብለው አዩኝ። «ለሐኪም ያሳየ አልደበቀም። ለገበያ ማሳየት ሌላ ነው።»

«በጠላት ጦር»

ብዙ ሰዓት የወሰደብን ሁለት ቃል ነው። እስክሪብቶው «በጠላት ጦር» ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔ ይህን ሐረግ ሳላስብ ነበር የጻፍኩት፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ይጽፋልና።

«ወደ እኔ የመጡትን ሁሉ የጎዳቸው አንድ ወገን አይደለም» አሉኝ። ከቆላው የመጡት አሉ። ከሌላ ክልል ተፈናቅለው፣ በሌላ ግጭት የተጎዱ አሉ። የደረሰባት ነገር «ወገን» ከምንለው ሰው የመጣባት፣ ስለዚህም ለማንም መናገር ያልቻለች አለች። «ጠላት ብለሽ ስትጽፊ ያቺኛዋ ይህን አንብባ የት ትግባ?»

መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ያነበብኳቸውን ዘገባዎች አሰብኩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. በነፋስ መውጫ 16 ሴቶችን አነጋግሮ የሕወሓት ተዋጊዎች ያደረሱባቸውን ሲያወጣ፣ ቃል በቃል አንብቤ አልቅሼ፣ ለባልደረቦቼ አካፍዬ ነበር። ያው ድርጅት ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ በትግራይ 63 ሴቶችና ልጃገረዶችን አነጋግሮ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና አጋር ኃይሎች ያደረሱትን ሲያወጣ ግን ርዕሱን አይቼ አልፌው ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ ሪፖርት ሁሉም ተዋጊ ወገኖች የመብት ጥሰት ፈጽመዋል፣ ጾታዊ ጥቃትም በውስጡ አለ ሲሉ ደግሞ ተናድጄ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለምን እንደተናደድኩ አሁን ሳስበው ያመኛል። የአንዷን ሴት እንባ ለሌላዋ እንባ መልስ አድርጌ እየቆጠርኩ ነበር። ሲስተር በቀይ የሰረዙት ይህን ሒሳብ ነው።

ክብር የሚባለው ቃል

«ክብራቸውን ያጡ» ላይ ሲደርሱ በአንድ መስመር አልረኩም፤ ሁለቴ ሰረዙት። ምንም አላሉም። ማለትም አላስፈለጋቸውም። ወረቀቱን ገልብጬ ሳየው ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለሲስተር ክብር እየሰጠሁ፣ ለታካሚዎቻቸው ክብር የላችሁም እያልኩ ነበር። ያውም በዚያው ቃል። የተዘረፈ ሰው ገንዘቡን ያጣል፤ የተደበደበ ሰው ጤናውን ያጣል። ክብሩን ያጣው ግን የደበደበው ነው። በዚህ አንድ ወንጀል ላይ ብቻ ቋንቋችን ነገሩን የሚገለብጠው ለምንድን ነው?

«የተደፈሩ» የሚለውም ያው ነው። ደፈረ፣ ድፍረት፣ ደፋር። ተማሪዎቼን «ደፋር ሁኑ፣ እጃችሁን አውጡ» እላለሁ፤ ይህ ግሥ ወደ ሌላኛው ትርጉም ሲዞር ወንጀለኛውን ከጀግና ጋር በአንድ ሥር ላይ ያስቀምጠዋል። የሕጉም ስያሜ ይኸው ስለሆነ ከነጭራሹ መተው አይቻልም። ሌላ ቃል ስፈልግ ብዙ ቀን ቆይቻለሁ፤ «ጥቃት የደረሰባት» ከሚለው የተሻለ አላገኘሁም። እርሱም ቀዝቃዛ ነው። ቢሆንም ሴቲቱን አይከስስም።

በመጨረሻ «ታላቅ ጀግንነት» ተሰረዘ። ይህኛውን እንኳን ይተዉልኝ ብዬ ለመንኩ።

«ጀግና ካልሽኝ ነገ የምትተካኝ ልጅ ትፈራለች» አሉኝ። «ይህን ለመሥራት ጀግና መሆን ያለባት ይመስላታል። ሥራ ነው በያት።»

ከሦስት መስመር የተረፈው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ሴቶችን በማከም»።

በሁለት ፊደል የተጠራች ምስክር

ተስፋ ቆርጬ ስለ ዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌ ነገርኳቸው። ምሥራቅ ኮንጎ ቡካቩ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተውን የፓንዚ ሆስፒታልን ስለመሠረቱት፣ በጦርነት የተጎዱ ሴቶችን በቀዶ ሕክምና ሲጠግኑ ስለኖሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ጥቃት ከደረሰባት ኢራቃዊት ከናዲያ ሙራድ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ስለተጋሩት ሰው። ዓለም እንዲህ ያሉትን በስማቸው ያከብራል፤ እርስዎስ ለምን? ለማለት ነበር።

«ምን ደረሰባቸው?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ታጣቂዎች ቤታቸው ድረስ መጥተው ሊገድሏቸው ሞከሩ፤ አብሯቸው የነበረ ሰው ተገደለ፤ እርሳቸው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አውሮፓ ተሰደዱ። የመለሷቸው የአገራቸው ሴቶች ናቸው። ፍራፍሬና አትክልት ሸጠው ለአውሮፕላን ትኬት ገንዘብ አዋጡ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ተመለሱ።

ሲስተር ሽልማቱን ረስተው እዚህ ላይ ተያዙ። «ትኬቱን የገዙት ታካሚዎቹ ናቸው?» እንደነርሱ ያሉ ድሆች ሴቶች ናቸው አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እርሱን እቀበል ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ናዲያ ሙራድ በስሟና በፊቷ ቆማ መናገርን ራሷ መረጠች። ኮሪያዊቷ ኪም ሃክ ሱን በጃፓን ጦር የደረሰባትን ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1991 በአደባባይ ስትናገር ያስገደዳት አልነበረም። ይህ ምርጫቸው ለብዙዎች በር ከፍቷል። ግን ሌላም አለ። የሩዋንዳው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 1998 ከንቲባ በነበረው በዣን ፖል አካዬሱ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰን፣ ክሱ መጀመሪያ ላይ ስለ ጾታዊ ጥቃት አንድም ቃል አልነበረውም። ሴቶች ለምስክርነት ቀርበው ሳይጠየቁ ተናገሩ፤ ክሱ ተሻሻለ። ከዋነኞቹ ምስክሮች አንዷ በፍርዱ ውስጥ የምትታወቀው «ጄ ጄ» በሚሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ ነው። የዓለም ሕግ የተለወጠው ስሟ ባልተጻፈ ሴት ቃል ነው።

ይህን ስነግራቸው ተነስተው የብረት ካዝና አሳዩኝ። መዝገቡ እዚያ ነው፤ በስም ሳይሆን በቁጥር። «ዝም አላልኩም» አሉኝ። «ሁሉን ጽፌያለሁ። ፍርድ ቤት በሥርዓት ሲጠይቀኝ እሰጣለሁ። ለመድረክ አልሰጥም።» የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 270 በጦርነት ጊዜ በሲቪሎች ላይ የሚፈጸም መድፈርን በጦር ወንጀልነት ይዘረዝራል። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጸድቋል። ሲስተር ቀኑን እየጠበቁ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በዚያ ካዝና ውስጥ ያለው መዝገብ የወጋውም እንዳይረሳ ነው የተቀመጠው።

የሚያስመርራቸው ሌላ ነገር ነበር። የተለያየ ቅጽ የያዘ ሰው በየጊዜው እየመጣ ሴቶቹ ያንኑ ታሪክ ደጋግመው እንዲናገሩ ማድረጉ። አንዷን ለአራተኛ ጊዜ ሲጠይቋት ከወንበሯ ተነስታ ወጣች፤ ለመድኃኒቱም አልተመለሰችም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 በናዲያ ሙራድ ስም የተሰየመ የሥነ ምግባር መመሪያ ወጥቷል፤ መረጃ ሰብሳቢ ሁሉ ከመጠየቁ በፊት በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ የሚያዝዝ። ሲስተር አላነበቡትም። ያቺ ሴት ከወጣች በኋላ ግን ቅጽ የያዘውን ሁሉ እርሳቸው ያነጋግሩ ጀመር።

እግረ መንገዴን ሌሎቹንም ላንሳ፤ እነርሱንም ያለ ስም። ሴቶቹን ከቆላ ሲያወጣ ሒሳብ ያልጠየቀና ምንም ያልጠየቀ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። «ኃጢአቱ የአንቺ አይደለም» ብለው አንዷን ከጠበል ቦታ ወደ ጤና ጣቢያ በእጃቸው የመሩ የንስሓ አባት ነበሩ። ሚስቱን ሊፈታ የተነሳን ባል ሦስት ቀን ቁጭ ብለው ያነጋገሩ ሼኽ ነበሩ። የሰብአዊ መብት ተሟጋች ብላችሁ ብትጠሯቸው ሌላ ሰው የጠራችሁ መስሏቸው ዞር ይላሉ።

ካባና ባና

ኮሚቴው ፊት ወረቀቱን ዘርግቼ ሁሉን ተናገርኩ። የተቆጣ ነበር። «ካልታየ ምኑ ምስጋና ነው?» አለ አንዱ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለዚህ ዝግጅት ከኪሱ ያወጣ ነው። ሌላዋ ደግሞ መልካም ሥራ ካልተነገረ ወጣቱ ከማን ይማር አለች። ይህ ጥያቄ አሁንም አብሮኝ አለ፤ ይህን የምጽፈውም ከፊሉ ለእርሷ መልስ ፍለጋ ነው። በዚያ ቀን ግን የነበረኝ መልስ የወረቀቱ ጀርባ ብቻ ነበር። ሲስተር ረቂቄን ሲመልሱልኝ ጀርባው ላይ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ ጽፈውበታል፦

«የማያሳይ መጋረጃ። የሚቆለፍ የመድኃኒት ሣጥን፤ ቁልፉ ሁለት ይሁን። በጓሮ በኩል በር፣ በካርድ ክፍል ፊት እንዳያልፉ። ባና ሁለት፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲኖር። ካባውን ሽጡት።»

ስማቸው ከመርሐ ግብሩ ወጣ። በዓሉ ዕለት ሌሎች ተሸለሙ፣ ጭብጨባ ነበር፤ እርሳቸው ተረኛ ነበሩ። መጋረጃውና ሣጥኑ ተገዙ። በሩ እስካሁን አልተከፈተም፤ ግድግዳ ለመስበር ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤው ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሄድ ሁለት ክረምት አልፏል። እየሄድኩ እጠይቃለሁ። መጠየቄን አልተውም።

ባናውን ለመግዛት ቅዳሜ ገበያ የወጣሁት እኔ ነኝ። ከመንዝ የመጣ ሽማግሌ ነጋዴ ጥቁሩንና ቡናማውን እያነሳ አሳየኝ፤ ዋጋ ተከራከርን፣ በጣቱ ድሩን ገልጦ ጥብቀቱን አስዳሰሰኝ።

«ለማን ነው?» አለኝ። «ለአልጋ ነው ወይስ ለሰው?»

«ለእንግዳ ነው» አልኩት።

የያዘውን አስቀምጦ ከታች ካለው ክምር ሌላ ሳበ። «ለእንግዳ ከሆነ ይኸኛውን ውሰጂ» አለኝ። «ይከብዳል፤ ግን ቶሎ ያሞቃል።»